ለመሆኑ ርካሹ እርሳስ የቱ ነው?



ባለፈው መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ በዚሁ የግድግዳ ጋዜጣ አናት ላይ ተለጥፎ የነበረውን ርዕስ የምታስታውሱት ትኖራላችሁ። አንድ ጓደኛችን ሦስት ሌሊት አምሽቶ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን ጽሑፍ በቀይ፣ ዙሪያውን ያለውን አበባ ደግሞ በሮዝና በሐምራዊ እርሳስ አሳምሮት ነበር። ሁላችንም ቆመን አድንቀናል። ከሁለት ወር በኋላስ? ቀዩ ገርጥቶ፣ ሐምራዊው አመድ መስሎ፣ ሮዙ ጨርሶ ጠፍቶ፣ በጥቁር የተሰመረው ጠርዝ ብቻ እንደ አጽም ቀርቶ አገኘነው። «ሥዕሉ ሞቶ ቀብሩ ቀረ» ብሎ የቀለደም ነበር። እኔ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሲከነክነኝ ቆይቷል። ጥፋቱ የማን ነው? የሠዓሊው? የፀሐይዋ? ወይስ የእርሳሱ?

መልሱን ሳላንዛዛ ልናገር። ጥፋቱ የገዢው ነው። ከገዢዎቹ አንዱ ደግሞ እኔው ራሴ ነበርኩ። ለክፍላችን ዕቃ ግዙ ተብለን ገበያ ስንወጣ ባለ 24ቱን ፓኬት ያነሣነው ብዛቱን አይተን እንጂ ጥራቱን መርምረን አልነበረም። አንዱንም እንኳ ወረቀት ላይ አልሞከርነውም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። መምህር ለመሆን የምንሰለጥን ሰዎች ባለ ቀለም እርሳስ ስንገዛ ብዛትን ትተን ጥራትን እንምረጥ። ጥሩውን መግዛት ካልቻልን ደግሞ መጥፎውን ከምንይዝ ከሰል ብንይዝ ይሻለናል። «የእርሳስ ነገር ደግሞ ምን ይጻፍበታል!» የምትሉ ትኖራላችሁ። ቆዩ፣ ትንሽ ታገሡኝ።

ለማስተማር ልምምድ ወጥቼ በነበረበት ጊዜ 3ኛ ክፍል ሥዕል እንዳስተምር ተመደብኩ። «የቤታችሁን ከብት ሣሉ» አልኳቸውና ያንኑ ዓይነት ፓኬት ከፍቼ እርሳሱን አደልኳቸው። ልጆቹ ከከብት ጋር ያደጉ ናቸው። እኔ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር ብዬ በሦስት ቃል የምጨርሰውን መልክ እነሱ አዲ፣ ዲማ፣ ጉራቻ፣ ዳለቻ፣ መጋላ እያሉ ይለዩታል። በዚህ ትምህርት አስተማሪዎቹ እነሱ፣ ተማሪው እኔ ነበርኩ ማለት ይቻላል።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ዳለቻ በሬ ሊሥል ግራጫውን እርሳስ አነሣ። ቢያሰምር አይታይም። ጫን አለ፤ ወረቀቱ እንደ ሰም አብረቀረቀ እንጂ አልቀለመም። ምራቁን አስነካው። አሁንም ጫን ሲል ወረቀቱ ተቀደደ፣ ጫፉም ተሰበረ። ቀረጸው፤ ተሰበረ። እንደገና ቀረጸው፤ አሁንም ተሰበረ። በመጨረሻ እርሳሱን ቀስ ብሎ ዴስኩ ላይ አስቀመጠና «ሂን ደንደኡ» አለኝ። አልችልም ማለቱ ነው።

ልብ በሉ! «እርሳሱ አይሠራም» አላለም። «አልችልም» ነው ያለው። ልጅ መሣሪያውን አይጠረጥርም፤ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። መምህሩ የሰጠው ዕቃ መጥፎ ሊሆን ይችላል ብሎ አያስብም። እኔም በዚያች ሰዓት «በርታ፣ ትችላለህ» አልኩት እንጂ እርሳሱን ተቀብዬ አልሞከርኩትም። ማታ መኝታ ክፍሌ ገብቼ በዚያው እርሳስ ያንኑ በሬ ልሥል ብሞክር እኔም አልቻልኩም። በማግሥቱ ልጁን ፈልጌ ይህንኑ ነገርኩት። ፈገግ አለ፤ ግን ያመነኝ አልመሰለኝም።

ታዲያ በዚያ እርሳስ ውስጥ ምን ነበረ? ይህን ለማወቅ እርሳስ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። የምንጽፍበት ተራ እርሳስ ግራፋይት ከሚባል ጥቁር ማዕድንና ከሸክላ አፈር ተለውሶ በእሳት የሚተኮስ ነው። ይህን ዘዴ ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1795 አስመዘገበው። ባለ ቀለሙ ግን እሳት አያውቅም፤ ቢተኮስ ሰሙም ቀለሙም ይቃጠላል። ስለዚህ የቀለም ዱቄት፣ እንደ ነጭ ሸክላና ታልክ ያለ ሙሌት፣ ጥቂት ሙጫ፣ እንዲሁም ሰም ወይም ዘይት ተለውሶ፣ በቀጭኑ ተስቦና ደርቆ በእንጨት መካከል ይታሸጋል። ይህን የመካከሉን ነገር «ልብ» እንበለው። ያልተተኮሰ በመሆኑ ከተራው እርሳስ ይልቅ ለስላሳና ተሰባሪ ነው።

የጥሩውና የመጥፎው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ውድ የሚሆነው የቀለሙ ዱቄት ነው፤ ሙሌቱ ርካሽ ነው። መጥፎው እርሳስ ውኃ እንደበዛበት ወጥ ነው። ድስቱ ሙሉ ነው፣ ጣዕሙ ግን የለም። ያ ልጅ እስኪቀደድ ድረስ ወረቀቱን የጫነው በሰምና በሸክላ መካከል የሌለውን ቀለም ሲፈልግ ነው።

በዓለም ላይ ለሠዓሊያን ተብለው የሚሠሩ እርሳሶች አሉ። የጀርመኑ ፋበር ካስትል «ፖሊክሮሞስ» የተባለውን እርሳሱን ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል፤ ልቡ በዘይት የተለወሰ ነው። በአሜሪካ «ፕሪዝማከለር» እ.ኤ.አ. በ1938 ወጣ፤ እሱ በሰም የተለወሰና ለስላሳ ነው። የስዊሱ ካራን ዳሽ በ1931 እ.ኤ.አ. በውኃ የሚሟሟ እርሳስ አወጣ። የኩባንያው ስም ራሱ እርሳስ ከሚለው የሩስኛ ቃል የመጣ ነው። በሰምና በዘይት መካከል ያለውን ልዩነት እኛ ቆላ አካባቢ የምንሠራ ሰዎች ማወቅ ይኖርብናል። ሰም ሙቀት ያለሰልሰዋል። በሰም እርሳስ ወፍራም ተደርጎ የተቀባ ሥዕልም ውሎ አድሮ ነጭ ጭጋግ የመሰለ ሽፋን ያወጣል። ይህ ሲደርስ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማበስ ነው። የዘይቱ ጠንከር ያለ ነው፣ ጫፉም ቶሎ አይዶለዱምም።

ይሁንና ስም አይቶ ብቻ መግዛት ያታልላል። ያው ኩባንያ ለሠዓሊ አንድ ዓይነት፣ ለተማሪ ደግሞ ሌላ ርካሽ ዓይነት ይሠራል። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ እጃችንንና ዓይናችንን እንመን። ባለ ሱቁን «አንዱን ልሞክረው» ማለት ነውር አይደለም። በርበሬ ስንገዛ እንቀምስ የለ እንዴ? ሱቅ ስንገባ እነዚህን አራት ነገሮች እንመልከት።

አንደኛ፦ እርሳሱን ከበስተኋላው እንየው። ልቡ ከእንጨቱ መካከል ትክክል መሆን አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ስንቀርጸው እንጨቱ በአንድ በኩል ብቻ ይላጣል፣ ጫፉም ይሰበራል።

ሁለተኛ፦ ጠፍጣፋ ነገር ላይ እናንከባለው። እየዘለለ ከተንከባለለ እንጨቱ ጠምሟል፤ ውስጡም ተሰብሮ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፦ ሳንጫን፣ በእጃችን ክብደት ብቻ እናሰምር። ጥሩ እርሳስ በቀላል እጅ ግልጽ ቀለም ይሰጣል። ጫን ካላልን የማይታየውን እዚያው እንተወው።

አራተኛ፦ በቢጫው ላይ ሰማያዊውን እንደርብ። አረንጓዴ ከወጣ ቀለሙ እውነተኛ ነው። ሰማያዊው በቢጫው ሰም ላይ እየተንሸራተተ አልይዝ ካለ፣ 24ቱም ቢኖሩን ምንም አይጠቅሙን።

አምስተኛው ፈተና ሱቅ ውስጥ የማይሠራ ነው፤ እሱም የፀሐይ ፈተና ነው። ነገሌ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ትርቃለች። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ በቀጥታ በአናታችን ላይ ታልፋለች። በዚህ ፀሐይ ፊት የማይጸና ቀለም ለግድግዳ ጋዜጣም ሆነ ለትምህርት መርጃ መሣሪያ አይሆንም። ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ እንዲሰቀል የሣልነው ካርታ በጥር ወር ባሕሩና የብሱ ካልተለየ ምን ዋጋ አለው? አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚሸሹት ሮዝና ወይን ጠጅ ናቸው፤ የአፈር ቀለሞች፣ ማለት ቡናማው፣ የአፈር ቢጫውና የሸክላ ቀዩ ይጸናሉ። ታላላቆቹ ኩባንያዎች የእያንዳንዱን ቀለም ፅናት በቀለም ዝርዝራቸው ላይ ያመለክታሉ። ፋበር ካስትል በኮከብ ብዛት ያሳያል። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ዲ 6901 የሚባለው የአሜሪካን መሥፈርትም ለባለ ቀለም እርሳስ ብቻ የወጣ ነው።

ፅናት ሲነሣ የራሳችንን አገር ምሳሌ ማለፍ አይገባም። አድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ያለው ወንጌል ብራናው በካርቦን ምርመራ ሲታይ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን ውስጥ እንደሚያርፍ ታውቋል። ሥዕሉ ግን እስከ ዛሬ ቀለሙ ደምቆ ይታያል። መጽሐፍ በመሆኑ ተዘግቶ፣ ከብርሃን ተጠብቆ ኖረ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ጥሩ ቀለም መምረጥ አንድ፣ ሥዕሉን ከፀሐይ ማስቀመጥ ሁለት። በቋንቋችን ቀለም ማለት የትምህርት ሌላ ስሙ ነው፤ የሚማረውን ልጅ «ቀለም ቆጠረ»፣ ጎበዙን «የቀለም ሰው» እንላለን። ታዲያ በሁለት ወር የሚጠፋ ቀለም በልጅ እጅ ማስያዝ ለመምህር ያሳፍራል።

አሁን ደግሞ ወደ ፓኬቱ ልመለስ። ባለ 24ቱ ውስጥ ምን ነበረ? አራት ዓይነት ሮዝና ሐምራዊ፣ አንድ ቡናማ። የእኛ አገር አፈር ቀይ ነው፣ ኩይሳው ቀይ ነው፣ ከብቱ፣ ግመሉ፣ የጎጆው እንጨት፣ የሰዉ መልክ ሁሉ በቡናማ ዙሪያ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ቡናማው አልቆ ሮዙ እንዳለ ተቀመጠ። ልጆቹም እናታቸውን ሲሥሉ ፊቷን በሮዝ ቀቡት፤ አንዳንዶቹ ነጭ አድርገው ተዉት። «እናትህ እንዲህ ናት?» ብዬ ብጠይቅ አንዱ ልጅ ሣቀና «ቀለሙ ይህ ነው» አለኝ። ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። ክራዮላ የሚባለው የአሜሪካን ኩባንያ «የሥጋ ቀለም» ብሎ ይጠራው የነበረውን ሮዝማ ቀለም እ.ኤ.አ. በ1962 ስሙን ለውጦ «ኮክ» ብሎታል። የሰው ሁሉ ሥጋ አንድ ቀለም እንዳልሆነ ለማመን ጊዜ ወስዶባቸዋል ማለት ነው። እኛስ ምን እንጠብቃለን?

በእኔ አስተያየት ለአካባቢያችን 12 ይበቃል። ቀይማ ቡናማ፣ ጥቁርማ ቡናማ፣ የአፈር ቢጫ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ግራጫ፣ ደማቅ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊ፣ ሁለት አረንጓዴ። የሠዓሊ እርሳስ የሚሸጡ ሱቆች እየነጠሉ ስለሚሸጡ ቡናማ ሲያልቅ ቡናማ ብቻ መተካት ይቻላል።

«ነጩ ምን ያደርጋል፣ ወረቀቱ ነጭ አይደለም ወይ?» እንዳትሉኝ። የቦረና ከብት አብዛኛው ነጭና ዳለቻ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ነጭ ላም መሣል ከባድ ነው። ያገለገለ የካኪ ፖስታ ቀድዳችሁ በውስጠኛው ገጽ ላይ በነጭ እርሳስ ሞክሩ እስቲ! ወረቀቱ ራሱ መሬቱ ይሆናል፣ ነጩ ላሚቱን ያወጣታል፣ ጥላዋን በጥቁርማ ቡናማ ማሳረፍ ነው። በሁለት እርሳስ ያለቀ ሥዕል ይወጣል። ካኪው ደግሞ ሸካራ ስለሆነ ቀለም ይይዛል፤ ልሙጡ የደብተር ወረቀት ግን ከሁለት ድርብ በላይ አይሸከምም።

ስለ አጠቃቀሙ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ዋናው ግን አለመጫን ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ቀለም በስሱ ተደራርቦ ነው የሚደምቀው። ከፈዛዛው ተነሥቶ ወደ ጥቁሩ መሄድ ነው። ጫን ብሎ ማለስለስ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ከተጫንን የወረቀቱ ሻካራነት ይሞላና ሌላ ቀለም አይቀበልም። ላጲስም ብዙ አይረዳም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቀላል እጅ። በነገሌና በአሬሮ ጫካ የሚገኘውን፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም የትም የሌለውን የሩስፖሊ ቱራኮ የሚባለውን ወፍ አይታችሁት ከሆነ አረንጓዴው ከፓኬት የወጣ አረንጓዴ አይደለም። መጀመሪያ ቢጫ፣ በላዩ አረንጓዴ፣ በጥላው በኩል ደግሞ ትንሽ ሰማያዊ ይፈልጋል። ሲበር ክንፉ ውስጥ ብልጭ የሚለው ቀይ ደግሞ የተፈጥሮ ጥሩ ቀለም ነው፤ ውስጡ መዳብ እንዳለበት ሳይንስ አረጋግጧል።

አያያዙም ቀላል ነው። እርሳስ መሬት ሲወድቅ ከውጭ ደህና ቢመስልም ልቡ ውስጥ ለውስጥ ይሰበራል። ስለዚህ ከዴስክ እንዳይንከባለል ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ፤ መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ አይተው። የዶለዶመ መቅረጫ ስንት እርሳስ ፈጅቶብናል! አዲስ ምላጭ ያለው መቅረጫ ባይገኝ በምላጭ ቀስ ብሎ መላጥ ይሻላል፤ ይህን ግን መምህሩ ያድርገው እንጂ ለልጅ ምላጭ አይሰጥም። አጥሮ ከእጅ ሲወጣ አትጣሉት። ያለቀ እስክሪፕቶ ቀፎ ወይም ሸምበቆ ላይ ሰክታችሁ እስከ መጨረሻዋ ተጠቀሙበት።

«ሁሉም መልካም፣ ገንዘቡስ?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። የሰልጣኝ ኪስ ይታወቃል። የሠዓሊው እርሳስ ከተማሪው ብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ እዚህም ሁልጊዜ አይገኝም፤ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው አደራ ማለት ሊያስፈልግ ነው። ሆኖም ሒሳቡን እንደገና እንሥራው። የእኛ ባለ 24 ፓኬት ግማሹ መቅረጫ ውስጥ አለቀ፣ ሩቡ አይጽፍም ነበር፣ የቀረውን ፀሐይ ወሰደው። በዓመት ሁለት ጊዜ ገዛነው። ታዲያ ርካሹ የቱ ነው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ በአንድ መኝታ ክፍል ያለን ሰዎች እንደ እቁብ አዋጥተን አንድ ጥሩ ፓኬት መግዛት አያቅተንም። ለሥዕል ሥራ የሚሰጠው የክፍል ገንዘብም በብዙ መጥፎ ፈንታ ጥቂት ጥሩ ቢገዛበት የሚል አሳብ ለሚመለከታቸው መምህራኖቻችን በአክብሮት አቀርባለሁ።

አንድ መምህራችን ይህን አሳቤን ሲሰሙ «ልጄ፣ እኛ በከሰል ሥለን ነው ያደግነው፤ ነገ የምትመደብበት ት/ቤት ፖሊክሮሞስ ይጠብቅሃል?» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ከሳቸው ጋር አልጣላም። ከሰል ሐቀኛ መሣሪያ ነው፤ ጥቁር እሰጣለሁ ይላል፣ ጥቁር ይሰጣል። የደጃችን ቀይ አፈር በሙጫ ውኃ ተበጥብጦ ቀለም ይሆናል፤ ፀሐይም አያሸንፈውም። የኔ ጠብ ከድህነት ጋር አይደለም። ጠቤ ቀለም አለኝ እያለ ቀለም ከሌለው እርሳስ ጋር ነው። ምክንያቱም ከሰል ይዞ የወጣ ልጅ «ቀለም የለንም» ይላል፤ ያን እርሳስ ይዞ የወጣው ልጅ ግን «አልችልም» ብሎ ነው የሚወጣው።

እንግዲህ ቃሌን በሥራ ላሳያችሁ። ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ አንድ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፏል። በላዩ ላይ ከገበያችን በተገዙ ከሦስት ፓኬቶች የወጡ ቀይ፣ ሮዝ፣ ቡናማና ሰማያዊ እርሳሶች ተሰምረውበታል፤ ከጎናቸው ደግሞ በከሰልና በግቢያችን አፈር የተሰመረ አለ። የግማሹ ወረቀት ገጽ በካርቶን ተሸፍኗል። እባካችሁ ካርቶኑን እስከ መንፈቀ ዓመቱ ፈተና ድረስ ማንም አያንሣው። ያን ጊዜ አብረን እንከፍተዋለን፤ ተሳስቼ ከሆነም በዚሁ ግድግዳ ላይ ይጻፍብኝ።

ከአንድ የሥዕል ክበብ አባል